ሃያ አራት ቅጂ፦ ጋዜጣ በእጅ ይጻፍ በነበረ ጊዜ

ይህን ጽሑፍ ከመቀጠላችሁ በፊት አንድ ነገር ሞክሩ። ወረቀትና እስክሪብቶ አምጡ። ያገኛችሁትን አንድ ዜና፣ ካጣችሁም ከመማሪያ መጽሐፋችሁ አንድ ገጽ ምረጡና ሳትሰርዙ፣ ሳትደልዙ፣ ሌላ ሰው ሳይቸገር በሚያነበው ጽሕፈት ገልብጡት። ስትጀምሩ ሰዓታችሁን እዩ።

ጨረሳችሁ? ግማሽ ሰዓት ከፈጀባችሁ ጎበዞች ናችሁ። ጣታችሁ ትንሽ ደንዝዟል፤ ምናልባትም አንድ መስመር ዘላችኋል። እንግዲህ ያንኑ ገጽ 23 ጊዜ ድገሙት እንበል። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ አዲስ ዜና ይመጣና ሥራው ከሀ ይጀምራል።

ነገሩ ቀልድ አይደለም። በ1895 ዓ.ም. ገደማ አዲስ አበባ ውስጥ መውጣት የጀመረው «አእምሮ» ጋዜጣ አነሳሱ እንዲህ ነበር። አዘጋጁ እንድርያስ ካቫድያስ የሚባሉ ግሪካዊ ናቸው፤ ስሙን ያወጡለት ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው እንደሆኑ ይነገራል። ጋዜጣው በየሳምንቱ በእጅ እየተጻፈ ይወጣ ነበር። ብዛቱ 24 ቅጂ ብቻ!

ለምን በእጅ? ቶሎ አፋችን ላይ የሚመጣው መልስ «ያኔ ወደ ኋላ ቀርተን ስለነበር ነዋ» የሚል ነው። መልሱ አጭር ነው፣ ግን ምንም አያስረዳም። በእጅ የሚጻፍ ጋዜጣ በሌላም አገር ነበር፤ እንዲያውም ኮምፒውተር በሞላበት ዘመን በእጅ የሚጻፍ አለ። ስለዚህ ጥያቄውን እንደ መርማሪ እንያዘው፦ በጸሐፊውና በማተሚያ መኪናው መካከል የገባው ነገር ምን ነበር?

ተጠርጣሪ አንድ፦ ፊደላችን

የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ፊደሉ ነው። «የአማርኛ ፊደል ብዙ ስለሆነ ለማተም አያመችም» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። እውነት ነው? ለማወዳደር ወደ ህንድ እንሂድ።

በደቡብ ህንድ፣ በቼናይ ከተማ፣ «ዘ ሙሳልማን» የሚባል በኡርዱ ቋንቋ የሚጻፍ ጋዜጣ አለ። የተመሠረተው በ1927 እ.ኤ.አ. ነው። ዜናው ከተሰበሰበ በኋላ «ካቲብ» የሚባሉ የጽሕፈት ባለሙያዎች ገጹን በብዕር ይጽፉታል። («ካቲብ» ጸሐፊ ማለት ነው፤ አንገት ላይ ከሚታሰረው ከእኛው «ክታብ» ጋር የቃሉ ሥር አንድ ነው።) የተጻፈው ገጽ ፎቶ ይነሳና ወደ ማተሚያ ሳህን ይዛወራል፤ ከዚያ በሺዎች ይባዛል። የፊት ገጹ ላይ አንዲት ጥግ ባዶ ትተዋለች፤ ድንገት ለሚመጣ ሰበር ዜና የተያዘች ቦታ ናት።

ህንድ የማተሚያ መኪና አጥታ አይደለም። ምክንያቱ ኡርዱ የሚጻፍበት ናስታሊቅ የሚባለው የአጻጻፍ ስልት ነው። በናስታሊቅ ፊደሎቹ እጅ ለእጅ ተያይዘው ይሄዳሉ፤ አንዱ ፊደል ከጎኑ ማን እንደቆመ እያየ መልኩን ይለውጣል፤ ቃሉም ከቀኝ ወደ ግራ እያዘቀዘቀ ይወርዳል። የድሮው ማተሚያ ደግሞ የሚሠራው ለየብቻቸው በተቀረጹ የእርሳስ ፊደላት ነው። ነጠላ ፊደል ደርድሮ ናስታሊቅ መጻፍ ወራጅ ውሃን በጡብ ለመሥራት እንደመሞከር ነው።

ስለዚህ የኡርዱ አታሚዎች ሌላ ዘዴ መረጡ፤ የድንጋይ ላይ ኅትመት። ጸሐፊው ቅባት ባለው ቀለም በእጁ ይጽፋል፤ ጽሕፈቱ ለስላሳ ድንጋይ ላይ ይገለበጣል፤ ድንጋዩ በውሃ ይርሳል። ቅባትና ውሃ ስለማይስማሙ የማተሚያው ቀለም የሚይዘው ቅባቱ ባለበት፣ ማለትም ጽሕፈቱ ባረፈበት ብቻ ነው። ወረቀት ሲጫንበት የጸሐፊው እጅ እንዳለ ይታተማል። በ1830ዎቹ እ.ኤ.አ. የተጀመረው «ዴልሂ ኡርዱ አኽባር» በዚህ መንገድ ነበር የሚታተመው። ይህ አኗኗር የተለወጠው በ1981 እ.ኤ.አ. ነው፤ በሺዎች የሚቆጠሩ የተያያዙ የፊደል ቅርጾችን የያዘ «ኑሪ ናስታሊቅ» የተባለ የኮምፒውተር ፊደል ተሠራና የፓኪስታኑ «ጃንግ» ጋዜጣ ሥራ ላይ አዋለው።

አሁን ወደ ራሳችን ፊደል ተመለሱ። ሀ ከለ አጠገብ ብትቆም፣ ከመ አጠገብ ብትቆም፣ ያችው ሀ ናት። እያንዳንዱ ፊደል ራሱን ችሎ ይቆማል፤ ለእርሳስ ማተሚያ ከዚህ የተሻለ ጠባይ የለም። ችግሩ ብዛቱ ነው፤ 33ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፣ ዲቃሎቹና ቁጥሮቹ ሲጨመሩ ደግሞ ይበልጣሉ። ፊደል ለቃሚው ሰፊ ሳጥን ያስፈልገዋል። ማተም ግን አይከለክልም።

ማስረጃ? በ1513 እ.ኤ.አ. ሮም ውስጥ የግዕዝ መዝሙረ ዳዊት ታትሟል። ያሳተመው ጀርመናዊው ዮሐንስ ፖትከን ነው፤ ፊደሉንና ቋንቋውን ያስተማሩት በሮም በቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም የነበሩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ናቸው። ማለትም ፊደላችን በእርሳስ ተቀርጾ የታተመው «አእምሮ» በእጅ መጻፍ ከመጀመሩ ወደ 390 ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ተጠርጣሪ አንድ በነጻ ተለቀቀ።

ደብረ ታቦር፦ መጻፊያው ሞልቶ፣ መኪናው ጠፍቶ

ሁለተኛውን ፍንጭ የምናገኘው አዲስ አበባ ከመቆርቆሯ በፊት የመንግሥት መቀመጫ ከነበረችው ከደብረ ታቦር ነው። ከተማዋን የቆረቆሯት የየጁው ራስ ጉግሣ ናቸው፤ በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ ዋና ከተማቸው አደረጓት።

በዙሪያዋ ያለው ደጋ በጽሕፈት የሚታማ አይደለም። ጋይንት ውስጥ ያለችው ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት፤ ድጓ የሚያስተምር ሰው ዕውቀቱን የሚያስመሰክረው እዚያ ነው። ዙር አምባ በዝማሬና መዋሥዕት፣ ደብረ ታቦር ራሷ በአቋቋም ትታወቃለች። በእነዚህ ቦታዎች በነበረው ልማድ የድጓ ተማሪ መጽሐፉን ከገበያ አይገዛም። ራሱ ይጽፈዋል፤ ቃሉን ብቻ ሳይሆን ከቃሉ በላይ የሚቀመጠውን የዜማ ምልክት ጭምር። በአንድ አገር ውስጥ እንዲህ ያለ ቤት በየአምባው ካለ ጸሐፊ አይጠፋም።

ባለሙያው ቁም ጸሐፊ ይባላል። የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ወጥሮ፣ ፍቆ፣ አድርቆ ብራና ያደርገዋል። በወስፌ ጠቅቶ ያሰምረዋል። ከጥላሸት ጥቁር ቀለም ያዘጋጃል፤ ለቅዱሳን ስም ደግሞ ቀይ። መቃ ቀርጾ ብዕር ያደርጋል። ጠረጴዛ አያስፈልገውም፤ ጉልበቱ ላይ አስደግፎ ይጽፋል።

ዜናስ? ዜና መጻፍም አዲስ ነገር አልነበረም። የነገሥታቱ ታሪክ የሚመዘገብበት መጽሐፍ ስሙ «ዜና መዋዕል» ነው፤ የዘመናት ወሬ እንደማለት። ዛሬ ቴሌቪዥን «ዜና» የሚለው ይህንኑ ቃል ነው። የዐፄ ቴዎድሮስን ታሪክ የጻፉት ደብተራ ዘነብ ደግሞ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄደዋል፤ ዜና መዋዕሉን በግዕዝ ፈንታ በአማርኛ ጻፉት። ሕዝብ በሚናገርበት ቋንቋ መጻፍ ለጋዜጣ የመጀመሪያው ቅድመ ሁኔታ መሆኑን ልብ በሉ።

የታተመ መጽሐፍም ቢሆን ለአካባቢው እንግዳ አልነበረም። አቡ ሩሚ የተባሉ ኢትዮጵያዊ ሊቅ ካይሮ ተቀምጠው ወደ አማርኛ የተረጎሙት መጽሐፍ ቅዱስ በ1840 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር ሙሉው ታትሞ ነበር፤ ወደ ደብረ ታቦር የመጡ ሚሲዮናውያንም ይዘውት መጥተዋል። ሰው የታተመ አማርኛ በእጁ ይዞ ያነብ ነበር ማለት ነው።

ታዲያ የጎደለው መኪናው ብቻ ነው። አሁን የሚያስቆጨውን ነገር ስሙ። ከደብረ ታቦር ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ ጋፋት የሚባል መንደር አለ። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚሲዮናውያኑን የእጅ ባለሙያዎች እዚያ አስቀምጠው ማቅለጫ አሠሩ። ነሐስ ቀለጠ፣ ቅርጽ ውስጥ ፈሰሰ፣ ከሁሉ የሚገዝፈው «ሴባስቶፖል» ተወለደ፤ ክብደቱ ወደ 7 ቶን። በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው መድፋቸውን እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ሲሄዱ ጉዞው ወደ ስድስት ወር ፈጀ።

ፊደል መቅረጽም የብረታ ብረት ሥራ ነው፤ አቅልጦ ቅርጽ ውስጥ ማፍሰስ ነው። እርሳስ ደግሞ ከነሐስ በጣም ባነሰ ሙቀት ይቀልጣል። ጋፋት ውስጥ እሳቱ ነበረ፣ ማቅለጫው ነበረ፣ ባለሙያውም ነበረ። በዚያ ጭንቅ ዘመን የንጉሡ ጥያቄ ግን መድፍ እንጂ ፊደል አልነበረም። ማተሚያ በዚያው ዘመን በላዛሪስት ሚሲዮናውያን በኩል ምጽዋ ደርሶ ነበር፤ ወደ ደጋው ግን አልወጣም።

እናም የዐፄ ቴዎድሮስ ቃል ከደብረ ታቦር ሲወጣ በቀድሞው መንገድ ወጣ፤ ነጋሪት ተጎሰመ፣ አዋጅ ተነገረ፣ መልእክተኛ ደብዳቤ ይዞ በፈረስና በእግር ሄደ። ከታች ወደ ላይ የሚወጣው ዜናም የራሱ መንገድ ነበረው። «እረኛ ምን አለ?» ይባል የነበረው ለጨዋታ አይደለም፤ በየሜዳው የሚዘፈነው ግጥም የሕዝቡን ልብ ስለሚናገር መኳንንቱ ያስጠይቁ ነበር።

በግጥም የተጻፈ ወሬ

ከመቅደላ ወደ ሠላሳ ዓመት ያህል እንለፍ። ዐድዋ ላይ ድል ሆኗል፤ አዲስ አበባ ዋና ከተማ ናት፤ መልእክተኛው፣ ነጋዴው፣ የውጭ አገር ቆንስላው ይተራመሳል። ሁሉም ወሬ ይፈልጋል።

ከሐማሴን የመጡት ብላታ ገብረ እግዚአብሔር ጊላ ማርያም ይህን ጥማት አይተዋል። የጣሊያንን አገዛዝ ጠልተው ወደ ምኒልክ የተጠጉ ሰው ናቸው። በ1900 እ.ኤ.አ. አካባቢ፣ ማለትም ከ«አእምሮ» ትንሽ ቀደም ብሎ፣ ስለ ዕውቀት፣ ስለ አንድነትና ስለ ነጻነት በእጃቸው እየጻፉ ያሰራጩ ነበር። ወረቀቶቹ ወደ 50 ቅጂ ይደርሱ እንደነበር ይነገራል። በዚህም የተነሳ ብዙዎች የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ጋዜጠኛ ይሏቸዋል።

ብላታ ሐሳባቸውን ያቀርቡት በግጥም ነበር። አሁን ስናየው እንግዳ ይመስላል፤ ጋዜጣ በግጥም? ግን ሒሳቡን ሥሩት። ስድ ንባብ ያለበት ወረቀት ካልተገለበጠ አይባዛም። ግጥም ግን አንዴ ከተሰማ በአፍ ይገለበጣል፤ ቤት መምታቱ ራሱ መዝገብ ነው። አንድ ወረቀት አንድ ግቢ ገብቶ ማንበብ የሚችል ሰው ለ20 ሰው ቢያነበው፣ ከ20ዎቹ አምስቱ ይዘውት ቢወጡ፣ በማግስቱ ወረቀቱን ያላዩ ሰዎች ይዘቱን ያወሩታል። 50 ቅጂ ማለት 50 አንባቢ ማለት አይደለም። ደራሲው ወረቀቱን ከእረኛው መንገድ ጋር አገናኙት ማለት ነው።

እጅ የሚሸነፍበት ቦታ

አሁን ወደ 24ቱ ቅጂ እንመለስ። መጀመሪያ ላይ የያዛችሁትን ሰዓት አስታውሱ።

ጋዜጣው አራት ገጽ ነበረ፣ አንዱ ገጽም ግማሽ ሰዓት ይፈጃል ብለን ለምሳሌ ያህል እናስብ። 4 በ24 ሲባዛ 96 ገጽ ነው፤ በግማሽ ሰዓት ሲታሰብ 48 ሰዓት። አንድ ሰው በቀን 8 ሰዓት ቢጽፍ ስድስት ቀን ሙሉ ይፈጅበታል፤ ሰባተኛው ቀን ሰንበት ነው። ሳምንቱ አለቀ! 48 ቅጂ ከተፈለገ ሁለት ጸሐፊ ይቀጠራል፤ 240 ከተፈለገ አሥር። በእጅ ሲሆን ሃያ አራተኛው ቅጂ የመጀመሪያውን ያህል ያደክማል።

ማተሚያ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ለመጀመሪያው ቅጂ ፊደሉ ሁሉ እስኪለቀም ብዙ ልፋት አለ፤ ምናልባትም በእጅ ከመጻፍ ይበልጣል። ሁለተኛው ቅጂ ግን ወረቀት አስገብቶ መጫን ብቻ ነው፤ ሺኛውም እንደዚያው። እንግዲህ ለሦስትና ለአራት ቅጂ ብዕር ያሸንፋል፤ ለሺህ ቅጂ ማተሚያ።

ሌላም ልዩነት አለ። ቁም ጸሐፊ የሠለጠነው ለማይቸኩል ሥራ ነው። ድጓ ለመጻፍ ወራት ይፈጃል፤ ቢፈጅም ቅር አይልም፤ መጽሐፉ ለመቶዎች ዓመታት ይነበባልና። ጋዜጣ ግን እንደ ወተት ነው፤ ከቆየ ይበላሻል። አገሪቱ ለረጅም ዘመን በተካነችበት ጥበብ ያልተካነችበትን ፍጥነት ልታመጣ ሞከረች። ስለዚህ «አእምሮ» በእጅ የተጻፈው የጽሕፈት ባህል ስለጎደለን አይደለም፤ እንዲያውም በእጅ ሊጻፍ የቻለው ባህሉ ስለነበረን ነው። መቀጠል ያልቻለው ደግሞ ያ ባህል ለችኮላ ስላልተሠራ ነው።

በዚህ ረገድ ብቻችንን አይደለንም። «ጋዜጣ» የሚለውን ቃል ያገኘነው ከጣሊያንኛ ነው፤ በቬኒስ ከተማ ወሬ ለመስማት ይከፈል ከነበረ ትንሽ ሳንቲም ስም የመጣ ነው ይባላል። በዚያው ቬኒስ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ነጋዴዎች ገንዘብ ከፍለው የሚያነቧቸው የወሬ ወረቀቶች የሚገለበጡት በእጅ ነበር፤ ያውም ከተማዋ በማተሚያ ቤቶቿ ስትታወቅ። ለጥቂት ደንበኛ የሚላክ ትኩስ ወሬ በብዕር ይቀልላል። ለሁሉ ሰው ሲባል ነው መኪና የሚያስፈልገው።

«አእምሮ»ም መንገዱን ቀየረ። ፖሊግራፍ የሚባል ማባዣ መጣና ቅጂው እስከ 200 ደረሰ። ከዚያ ምኒልክ የማተሚያ መኪና አስመጡ፤ ጋዜጣው እየተቋረጠም እየቀጠለም በኅትመት ወጣ። በ1914 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ተፈሪ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤትን አቋቋሙ፤ በ1917 ዓ.ም. በዚሁ ስም የሚጠራው ጋዜጣ ተከተለ። ህንድና ፓኪስታን ውስጥ ብዕሩ ኮምፒውተር እስኪመጣ ሲቆይ፣ እኛ ዘንድ መኪናው እንደገባ በጥቂት ዓመታት ቦታውን ለቀቀ። ለምን? መልሱን አሁን ታውቁታላችሁ። እነርሱን ያቆያቸው የፊደሉ ቅርጽ ነበር፤ እኛን ያቆየን የመኪናው ርቀት። ርቀቱ ሲያጥር ፊደላችን ምንም አላስቸገረም።

መኪናው እያለ የሚጠፋበት ጊዜ

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ግን ሦስተኛ እንቅፋት አለ፤ ማተሚያ ቤቱ እያለ በሩ የሚዘጋበት ጊዜ።

በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ ሲፈነዳ አዲስ አበባ ማተሚያ ቤት አላጣችም። ሆኖም «ዴሞክራሲያ» እና «የሰፊው ሕዝብ ድምፅ» የተባሉት ኅቡእ ጋዜጦች የሚባዙት በየቤቱ ተደብቆ፣ በእስቴንስል ነበር። እስቴንስል በሰም የተነከረ ስስ ወረቀት ነው፤ በታይፕ ወይም በሹል ነገር ሲጻፍበት ሰሙ ይለቅና ቀለም የሚያሳልፍ ቀዳዳ ይሆናል። ማባዣው ሲሽከረከር ቀለሙ በቀዳዳው ብቻ አልፎ ወረቀቱ ላይ ያርፋል። ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል። በኋላ በቀይ ሽብር ዘመን እንዲህ ያለ ወረቀት ይዞ መገኘት ሕይወት ያስከፍል ነበር።

እስር ቤት ውስጥ ደግሞ እስቴንስልም የለም። ገጣሚው ነቢይ መኮንን በደርግ ዘመን ታስሮ ሳለ አንድ ትልቅ የአሜሪካ ልብ ወለድ ወደ አማርኛ ተረጎመ። የጻፈው በሲጋራ ፓኬት ወረቀት ላይ ነው፤ ወደ 3,000 ቁራጭ። ወረቀቶቹ ከእስር ቤት በድብቅ ወጡ፤ ትርጉሙም «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ ታተመ። ነቢይ ጋዜጣ አልነበረም የጻፈው። ግን በኋላ የ«አዲስ አድማስ» ዋና አዘጋጅ ሆኖ ብዙ ዓመት ሠርቷል። የሲጋራ ወረቀት ላይ የጻፈው እጅና ጋዜጣ ያዘጋጀው እጅ አንድ ነው።

እንግዲህ ምርመራችን ሦስት ምክንያት አገኘ። በእጅ የሚጻፍ ወረቀት የሚመጣው በጸሐፊውና በመኪናው መካከል አንድ ነገር ሲገባ ነው፤ የፊደል ቅርጽ፣ ርቀት ወይም ሥልጣን። በእጅ የተጻፈ ጋዜጣ ስታዩ «ኋላ ቀር» ከማለታችሁ በፊት በመካከል የገባው ምን እንደሆነ ጠይቁ።

በጽሑፍ ያለ ሁሉ ይወረሳል?

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል። ተረቱ ለድጓው እውነት ነው። ለጋዜጣው ግን ሙሉ በሙሉ እውነት አይደለም፤ ምክንያቱ ደግሞ ኬሚስትሪ ነው።

ብራና እንደ ጫማ ቆዳ አይለፋም፤ ተወጥሮ ይደርቃል እንጂ። ከእርጥበት፣ ከአይጥና ከእሳት ከተጠበቀ ለዘመናት ይቆያል። በላዩ ያለው ጥቁር ቀለም ከጥላሸት የተሠራ ነው፤ ጥላሸት ካርቦን ነው፤ ካርቦን ደግሞ በብርሃን አይደበዝዝም። ርካሽ ወረቀት ግን የሚሠራው ከተፈጨ እንጨት ነው። በውስጡ የሚቀረው ሊግኒን ከአየርና ከብርሃን ጋር ሲገናኝ ወረቀቱ ቢጫ ይሆናል፤ በወረቀቱ ውስጥ ያለው አሲድ ደግሞ ቃጫውን እየቆራረጠ እንደ ደረቅ ቅጠል ያደርገዋል። የእስክሪብቶና የማባዣ ቀለሞች ብዙዎቹ ብርሃን ያስገረጣቸዋል።

ሁለተኛው ምክንያት ከኬሚስትሪ ይከፋል፤ ንቀት ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አድባራት ሰብስበው መቅደላ ያከማቿቸውን ብራናዎች የእንግሊዝ ጦር በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ሲወስድ ዋጋቸውን አውቆ ነው፤ ለዘረፋው ሁሉ ማጓጓዣ 15 ዝሆንና ወደ 200 በቅሎ አስፈልጎታል። ከብራናዎቹ ወደ 350 የሚጠጉት ለብሪቲሽ ሙዚየም ተሰጡ። ዛሬም የት እንዳሉ ስለሚታወቅ ይመለሱ ብለን እንጠይቃለን። የሳምንት ወሬ የያዘ ወረቀት ግን ማንም አይዘርፈውም። ስኳር ይጠቀለልበታል፣ እሳት ይያያዝበታል። ሰው ምን እንደሚያስብ፣ ምን እንደሚያስቀው፣ ምን እንደሚፈራ የሚነግረን ደግሞ ብዙ ጊዜ ይኸው የተናቀው ወረቀት ነው።

እናንተ ታዲያ ምን ታደርጋላችሁ? ብዙ።

ደብረ ታቦር ሁኑ፣ ወረታ ሁኑ፣ ነፋስ መውጫ ሁኑ፣ ትምህርት ቤታችሁ ሚኒ ሚዲያ ይኖረው ይሆናል። ከጀርባው የግድግዳ ጋዜጣ ካለ እርሱ የ«አእምሮ» ታናሽ ነው፤ በእጅ የተጻፈ፣ ጥቂት ቅጂ ያለው፣ አንዱ ቆሞ ሲያነብ ሌላው የሚሰማው። ሰኔ ላይ ተቀድዶ ከመጣሉ በፊት ፎቶ አንሱት። ጥግ ላይ ቀኑን፣ ቦታውንና የጻፉትን ክፍል መዝግቡ። አንድ ቅጂ ለትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ስጡ፤ ባለሙያው ቢስቅባችሁም ስጡ።

አያቶቻችሁ ሳጥን ውስጥ በእጅ የተጻፈ ወይም በእስቴንስል የተባዛ ወረቀት ካገኛችሁ ደግሞ አትቸኩሉ። ፕላስቲክ አታስለብሱት፤ ሙቀቱና ሙጫው አብሮት ይቀራል። የተቀደደውን በፕላስተር አታጣብቁት፤ ሙጫው ከጊዜ በኋላ ቡናማ ሆኖ ጽሑፉን ይበላል። እጃችሁን ታጥባችሁ፣ አድርቃችሁ ያዙት፤ በንጹሕ ወረቀት መካከል ዘርጉት፤ ከፀሐይና ከእርጥበት አርቁት። ስለ እርሱ የሚያውቁትን አያታችሁን ጠይቁና ጻፉ። ጠቃሚ መስሎ ከታያችሁ አዲስ አበባ ውስጥ ወመዘክርና የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም እንዲህ ያለውን የሚያስቀምጡ ቤቶች ናቸው።

ቅድም የገለበጣችሁት ገጽስ የት አለ? እንዳትጥሉት። ከላይ ዛሬ ያለውን ቀን ጻፉበት፣ ከታች ስንት ደቂቃ እንደፈጀባችሁ። ከዚያ አንድ መጽሐፍ ውስጥ አስገቡት።